«ሰው የለኝም»፦ ያ ሁሉ ሕዝብ ኢየሱስን ለምን ተከተለው?

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ቦታው በገሊላ ባሕር ዳር ያለችው ቅፍርናሆም። ጠዋት በምኩራብ ርኩስ መንፈስ የያዘው ሰው ጮኾ፣ ተንፈራግጦ፣ ከዚያ ጤነኛ ሆኖ ተነሥቷል። ከምኩራብ መልስ ደግሞ «የስምዖን አማት በንዳድ ተኝታ ሳለ እጇን ይዞ አስነሣት» የሚል ወሬ ከደጅ ደጅ እየዘለለ ነው። ያም ሆኖ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ይዞ የመጣ አልተጻፈም። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ቁጭ ብሎ ፀሐይዋን ይጠብቃል።

ለምን? ሰንበት ነዋ! በሰንበት ሸክም አይነሣም። በሽተኛን ከነአልጋው ተሸክሞ መዞር ደግሞ ሸክም ነው። የአይሁድ ቀን የሚያበቃው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ስትገባ ነው። የሌሊቱን ሰዓት ከፀሐይ መግቢያ ጀምረን ለምንቆጥር ለእኛ ይህ አይከብደንም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ በሮቹ ተከፈቱ። ማርቆስ የጻፈው አጭር ነው፤ ከተማዋ በሙሉ ደጁ ላይ ተሰበሰበች ይላል።

ሕዝቡ ለምን እንደዚያ ይጎርፍ ነበር ሲባል ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ተአምር ስላዩ» የሚል ነው። ስሕተት አይደለም፤ ግን ያጥራል። ተአምር ለማየት የመጣ ሰው አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግን ሥራቸውን ትተው ሦስት ቀን ምድረ በዳ አድረዋል፤ የሚበሉት አልቆባቸው እንኳ አልሄዱም። እና «ምን አዩ?» ከማለት ይልቅ «ምን አጥተው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥብኝ መልስ ያለው ከገሊላ ርቆ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው። በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ ነበረች። ዛሬ ቦታው ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። በዚያ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቷል። ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ብላ የሰየመችው በእርሱ ታሪክ ነው። ኢየሱስ መጣና ልትድን ትወዳለህን አለው። መልሱ «አዎ» መሆን ነበረበት። ሰውዬው ግን «ሰው የለኝም» አለ። ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባኝ የለም፣ ሌላው ይቀድመኛል ማለቱ ነው።

በአማርኛ ይህን ቃል የሚተረጉምልን አያስፈልግም። ጉዳይ ይዞ ቢሮ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «እዚያ ሰው አለህ?» ተብሎ ነው። ሰው ካለህ ፋይልህ ይገኛል። ከሌለህ ነገ ና ትባላለህ። ነገ ስትሄድ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ያ ኢየሱስን የተከተለው ሕዝብ፣ ብዙው፣ ሰው የሌለው ሕዝብ ነበር።

እስቲ አገሩን እንየው። ገሊላ ትንሽ ናት፤ ግን ጥቅጥቅ ያለች ናት። የአይሁዱ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ብለን የምናውቀው፣ በሌላው ዓለም ዮሴፉስ የሚባለው፣ በ66 ዓ.ም. አካባቢ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ የጦር አዛዥ ነበር። በገሊላ 204 ከተሞችና መንደሮች አሉ ብሎ ጽፏል። ባሕር የምንለውም ርዝመቱ 21፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የጣፋጭ ውኃ ሐይቅ ነው። መንደሮቹ ዳር ዳሩን ተሰልፈዋል። አንዱ ጋ ጠዋት የሆነ ነገር ከሰዓት በኋላ ሌላው ጋ ይወራል። ወሬውን የሚያደርሱት ደግሞ ዓሣ ይዘው የሚዞሩት፣ ከገበያ ገበያ የሚሄዱት ናቸው። ቅፍርናሆም ራሷ በንግድ መንገድ ዳር ነበረች።

ቅፍርናሆም ከተማ ብትባልም ነዋሪዋ ብዙ ጊዜ የሚገመተው ከ1,000 እስከ 1,500 ነው። እንግዲህ ወንጌሉ ሴቶችና ልጆች ሳይቆጠሩ 5,000 ወንድ ሲል ቁጥሩን በዚህ መዝኑት። የአንድ መንደር ሰው አይደለም፤ የብዙ መንደር ሰው ተነቅሎ ወጥቷል ማለት ነው። ማርቆስ ከኢየሩሳሌም፣ ከኤዶምያስ፣ ከዮርዳኖስ ማዶ፣ ከጢሮስና ከሲዶናም መጡ ይላል። ከገሊላ ኢየሩሳሌም በሰማርያ ቢያቋርጡ እንኳ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ያውም በእግር፣ ያውም የታመመ ይዞ።

ስለ ሕመሙ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ነው።

በዚያ ዘመን ሐኪም አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ፤ ግን ገንዘብ ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ያላትን ሁሉ ለባለመድኃኒቶች ጨርሳለች። ማርቆስ ደግሞ ሳይራራላቸው ይጨምራል፤ ባሰባት እንጂ አልጠቀማትም ይላል። ሉቃስ ያንኑ ታሪክ ሲጽፍ ገንዘቧ ማለቁን ይነግረናል፤ «ባሰባት» የምትለዋን ግን ዘሏታል። ሉቃስ ራሱ ሐኪም መሆኑን ከጳውሎስ መልእክት እናውቃለን። ለሙያ ባልደረቦቹ አዝኖ ይሆን? እኔ በዚህች ቦታ ሁሌ ፈገግ እላለሁ።

ከበሽታው ይልቅ የሚከብደው ግን መገለሉ ነው። በሙሴ ሕግ ደም የሚፈስሳት ሴት ርኩስ ናት፤ የነካችውም እንደዚያው። ለምጻም ደግሞ ልብሱን ቀድዶ፣ አፉን ሸፍኖ፣ «ርኩስ፣ ርኩስ» እያለ ከሰፈር ውጭ ይኖራል። ማንም አይነካውም። ስለዚህ ለምጻሙ ወደ ኢየሱስ ሲመጣ ማርቆስ አንድ ነገር ለይቶ ይነግረናል፤ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው ይላል። በቃል ብቻ ማዳን ይችል ነበር፤ በሌላ ቦታ አድርጎታል። ይኼን ሰው ግን በስንት ዘመኑ የሰው እጅ ነካው። ቀጥሎ ሂድና ለካህን ራስህን አሳይ አለው። ካህኑ አይቶ ነጽቷል ካላለ ሰውዬው ወደ ቤተሰቡ አይመለስማ! በዛሬ ቋንቋ ማስረጃው እንዲጻፍለት ነው የላከው። ለማንም እንዳይናገር አጥብቆ አዘዘው። ሰውዬው ግን ዝም የሚል ዓይነት አልሆነም፤ በየሄደበት አወራ። ከዚያ ወዲያ ኢየሱስ ወደ ከተማ በግልጥ መግባት አቃተው ይላል ማርቆስ። ምድረ በዳ ቢወጣም ከየአቅጣጫው ይመጡበት ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ ነበር። አማላጅ፣ እጅ መንሻ የሚባል የለም። የሚገርመው የጠሉት እንኳ የሚያደርገውን አልካዱም። ከኢየሩሳሌም የወረዱት ጻፎች ያሉት «ምንም አላደረገም» ሳይሆን «በብዔል ዜቡል፣ በአጋንንት አለቃ ነው» ነው። ተአምሩን የሚጠራጠር ዘመናዊ አንባቢ ቢኖር እንኳ የዚያ ዘመን ክርክር ነገሩ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚል አልነበረም፤ በማን ኃይል ሆነ የሚል እንጂ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማናየው ነገር አለ። ሕዝቡ ሲበዛ ሕዝቡ ራሱ በር ሆኖ ይዘጋል። ጉልበት ያለው ይገፋል፣ ጉልበት የሌለው ከዳር ይቀራል። በቤተ ሳይዳ የሆነው እንደገና ይሆናል። ኢያሪኮ ላይ ዕውሩ በርጤሜዎስ ሲጮኽ ዝም በል ብለው የገሠጹት ካህናት አይደሉም፤ ብዙዎች ናቸው፤ ያ ሕዝብ ነው። ዘኬዎስ ሾላ ላይ የወጣው ቁመቱ አጭር ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ስለከለለው ነው። ደም የሚፈስሳት ሴት በጀርባ ሹልክ ብላ ልብሱን ነካች። «ማን ነካኝ?» ሲል ደቀ መዛሙርቱ ግራ ገባቸው፤ ሰው ሁሉ እየተጋፋህ ማን ነካኝ ትላለህ እንዴ አሉት። ምክንያታዊ መልስ ነው። እርሱ ግን ቆመ። የምኩራቡ አለቃ የኢያኢሮስ ልጅ ልትሞት ደርሳለች፤ መንገዱ የጥድፊያ ነው። ኢያኢሮስ ደግሞ ሰው ያለው ሰው ነው። ስም የሌላት ሴት ግን ባለሥልጣኑን አስቆመችው። «ልጄ ሆይ» አላት። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ቤቱ ሄዶ ምን እንደሚያወራ አስቡት።

አንድ ሽባ ደግሞ በተቃራኒው ሰው ነበረው፤ ያውም አራት። በቅፍርናሆም የቁፋሮ ቦታ ዛሬም የሚታየው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቤቶቹ ጠባብ ክፍሎች ናቸው፤ በጋራ ግቢ ዙሪያ ተያይዘው የተሠሩ። ጣራው አግዳሚ እንጨት፣ በላዩ ቅርንጫፍ፣ በላዩ ጭቃ። በውጭ ደረጃ ወደ ጣራ ይወጣል። በሩ በሰው ታፍኖ ማለፍ ቢያቅታቸው አራቱ ወጡ፣ ጣራውን ነደሉ፣ አልጋውን በገመድ አወረዱ። ውስጥ ባለው ሰው ራስ ላይ ምን ያህል አፈርና ጭራሮ እንደወረደ መገመት አያዳግትም። ጣራውን በኋላ ማን እንዳደሰው አልተጻፈም።

ሌላው የሰበሰባቸው ነገር አንደበቱ ነው። ማቴዎስ ከተራራው ስብከት በኋላ እንደ ጻፎቻቸው ሳይሆን እንደ ባለ ሥልጣን ስላስተማራቸው ሕዝቡ ተገረሙ ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሕግ መምህር የሚያስተምረው የቀደሙ አባቶችን ቃል እየጠቀሰ ነው። እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ ደግሞ እንዲህ ይላል። ይህ መጥፎ አይደለም፤ የእኛም ሊቃውንት አንድምታን በዚህ መንገድ ነው የጠበቁልን። ኢየሱስ ግን «እኔ ግን እላችኋለሁ» ይላል። ሰሚው ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ይናደዳል፣ ወይ ይከተላል።

ደግሞ የሚናገረው በእነርሱው አፍ ነው። የገሊላ ሰው አነጋገር በኢየሩሳሌም ያስታውቅ ነበር፤ ጴጥሮስ ኢየሱስ በተያዘባት ሌሊት የተጋለጠው በአነጋገሩ ነው። ምሳሌዎቹም ከጓዳና ከእርሻ ናቸው። መንገድ ዳር የወደቀ ዘር። አንዲት ድሪም ጠፍታባት መብራት አብርታ ቤቷን የምትጠርግ ሴት። በዱቄት ውስጥ የተሸሸገ እርሾ። እርሾው ላይ አንድ ቀልድ አለ። ሴቲቱ ያቦካችው ሦስት መስፈሪያ ነው። በዚያ ዘመን ልክ ይህ ለቤተሰብ ሳይሆን ለድግስ የሚሆን ሊጥ ነው፤ መቶ ሰው ያበላል። ከሕዝቡ መሐል የነበሩ እናቶች ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው አልቆሙም ብዬ አስባለሁ። በዓይኑ ምሰሶ ተሸክሞ የወንድሙን ጉድፍ ስለሚያይ ሰው ሲናገርም እንደዚያው። እኛ በቤተ ክርስቲያን በዝግታ ሲነበብ ስለምንሰማው ሳቁ ያመልጠናል።

ድምፅ ማጉያ በሌለበት ሺህ ሰው እንዴት ሰማ? ማርቆስ ይነግረናል፤ ታንኳ ላይ ተቀምጦ፣ ከየብስ ጥቂት ራቅ ብሎ ያስተምራል፣ ሕዝቡ ዳርቻው ላይ ይቆማል። ዳርቻው ወደ ላይ ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ የውኃው ገጽም ድምፅን ስለሚያሻግር፣ ቦታው የተፈጥሮ አዳራሽ ይሆናል። በ1986 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ድርቅ ሐይቁን ሲያጎድለው ሁለት ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የአንደኛው ክፍለ ዘመን ጀልባ አገኙ። ርዝመቱ 8 ሜትር ከጥቂት፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከጥቂት ነው። የማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ግን ታንኳ ሲባል ምን ዓይነት እንደሆነ ከዚያ ይታያል። ታንኳው መድረክ ብቻ አልነበረም፤ ማምለጫም ነበር። እንዳያጋፉት ታንኳ እንዲያቆዩለት አዝዟቸው ነበርና።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። ገሊላን የሚገዛው ሄሮድስ አንቲጳስ ነበር፤ ከሮም በታች ሆኖ። ሴፎሪስ የምትባለውን ከተማ ከናዝሬት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አደሰ። በ20 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ጥብርያዶስን በሐይቁ ዳር አዲስ ቆረቆረ፤ በቄሣሩ በጢባርዮስ ስም። ከተማ የሚሠራው በግብር ነው። ግብሩ የሚመጣው ከገበሬና ከአጥማጅ ነው። ቅፍርናሆም ከወንድሙ ከፊልጶስ ግዛት ድንበር አጠገብ ስለሆነች ኬላ ነበረባት። ሌዊ የተጠራው ከዚያ መቅረጫ ላይ ተነሥቶ ነው። ቀራጭ የሚጠላው ለገዥው ስለሚሰበስብ ብቻ አይደለም፤ ከታዘዘው አብልጦ እየወሰደ ትርፉን ለራሱ ስለሚያስቀር ጭምር ነው። በላዩ የቤተ መቅደሱ ግብር አለ፣ አሥራት አለ።

ምሳሌዎቹን በዚህ ዓይን መልሳችሁ አንብቡ። ባለዕዳ ይበዛባቸዋል። በዕዳ ከነቤተሰቡ ሊሸጥ የተፈረደበት ባሪያ አለ። እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገበያ ላይ ቆመው «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» ያሉ የቀን ሠራተኞች አሉ። በአባታችን ሆይ «በደላችንን ይቅር በለን» የምንለው በማቴዎስ የግሪክ ጽሑፍ ቃሉ «ዕዳችንን» ነው። ዕዳ ያለበት ገበሬ ይህን ጸሎት በሁለት ጆሮው ነው የሰማው።

እና እንጀራ የበዛበት ቀን። ደቀ መዝሙሩ ፊልጶስ ያሰላው የሁለት መቶ ዲናር እንጀራ ነው። ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለሆነ ወደ ስምንት ወር የሚጠጋ የሥራ ክፍያ ማለት ነው። የተገኘው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ። ገብስ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። በዮሐንስ ራእይ በአንድ ዲናር አንድ እርቦ ስንዴ ወይም ሦስት እርቦ ገብስ ይላል። ገብስ የድኻ እህል ነው። ልጁ የያዘው የድኻ ምሳ ነበር።

ማርቆስ ሣሩ ለምለም ነበር ይላል። ዮሐንስ ደግሞ ፋሲካ ቀርቦ ነበር ይላል። ሁለቱ ይገጥማሉ፤ በዚያ አገር ሣር የሚለመልመው በዚያ ወቅት ነው። ፋሲካ ደግሞ ከግብፅ የወጡበት መታሰቢያ ነው። ምድረ በዳ፣ ድንገት የተገኘ እንጀራ፣ በመቶና በአምሳ የተደረደረ ሕዝብ። አይሁዳዊ ከሆንህ ሙሴና መና ሳይታወሱህ አይቀሩም። እንደ እኔ ያለ ነቢይ ይነሣል ብሎ ሙሴ ተናግሯል። ሕዝቡም «ይህ ወደ ዓለም የሚመጣው ነቢይ ነው» አለ። ከዚያ ይዘው ሊያነግሡት አሰቡ። እርሱ ብቻውን ወደ ተራራ ሸሸ።

ሽሽቱን ለመረዳት የጊዜውን አየር ማወቅ ያስፈልጋል። ሕዝብ የሰበሰበ ነቢይ እርሱ ብቻ አልነበረም። በ6 ዓ.ም. የገሊላው ይሁዳ በሮማውያን ቆጠራ ምክንያት ሕዝብ አስነሥቶ ነበር። ከኢየሱስ በኋላም ቴዎዳስ ዮርዳኖስን እከፍላለሁ ብሎ ብዙ ሰው አስከተለ፤ የሮም ፈረሰኞች ደረሱበት። መጥምቁ ዮሐንስ ራሱ ሕዝብ ይጎርፍለት ነበር። ወንጌል የሞቱን ምክንያት በአንቲጳስ ሚስት በሄሮድያዳ ይነግረናል። ዮሴፉስ ደግሞ አንቲጳስ የዮሐንስን ተሰሚነት ፈርቶ፣ ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣብኛል ብሎ እንደገደለው ጽፏል። ሁለቱ አይጋጩም። በማቴዎስ አተራረክ ኢየሱስ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ያለው የዮሐንስን መገደል በሰማ ጊዜ ነው፤ ሕዝቡም በእግር ተከተለው። መምህራቸው የተገደለባቸው ሰዎች በመሐላቸው ነበሩ ማለት ነው። እረኛ እንደሌላቸው በጎች ሆነው አዘነላቸው የሚለው ቃል በማርቆስ የተጻፈው በዚሁ ቦታ ነው።

ከሁሉም ዓይነት ሰው ነበረ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ወሬ ፈላጊ፣ በቃሉ ሊያጠምደው ከኢየሩሳሌም የተላከ፣ እንጀራ ብቻ ፈልጎ የመጣ። የሚከተል ሁሉ ደቀ መዝሙር አይደለም። ኢየሱስም ይህን አልደበቀም። በማግሥቱ በታንኳ ባሕሩን ተሻግረው ሲያገኙት የፈለጋችሁኝ እንጀራ በልታችሁ ስለጠገባችሁ ነው አላቸው። ይህ ሕዝብ ማባበያ ንግግር አይደለም። ቀጥሎ ሥጋዬን ብሉ፣ ደሜን ጠጡ አላቸው። ዮሐንስ 6:66 ከዚህ የተነሣ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ ወደ ኋላ ተመለሱ ይላል። ዐሥራ ሁለቱን እናንተስ ልትሄዱ ትወዳላችሁን አላቸው። ሉቃስ 14 ላይም ብዙ ሕዝብ ከእርሱ ጋር ሲሄድ ዘወር ብሎ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥር የለምን ይላቸዋል። ሕዝብ እንዲበዛለት የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያወራም። ከዚያች ከቅፍርናሆም ምሽት በኋላ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ምድረ በዳ ሄዶ ነበር። ስምዖን ፈልጎ አግኝቶት ሁሉ ይፈልጉሃል ሲለው «ወደ ሌላ መንደሮች እንሂድ» ነው ያለው።

ኢየሩሳሌም ላይ ሕዝቡ ሌላ ሥራ ሠራ። ጋሻ ሆነ። ለፋሲካ ከየአገሩ ሰው ሲጎርፍ ኢየሱስ ቀን ቀን በመቅደስ ያስተምራል። የካህናት አለቆች ሊይዙት ፈለጉ፤ ግን በበዓል አይሁን፣ የሕዝብ ሁከት እንዳይነሣ አሉ። ከ18 እስከ 36 ዓ.ም. ሊቀ ካህናት የነበረው ቀያፋ ሮማውያን መጥተው ሁሉን ያጠፋሉ በሚል ስጋት ላይ ነበር። የአስቆሮቱ ይሁዳ የተፈለገው ለዚህ ነው። ኢየሱስን የማያውቀው የለም፤ ችግሩ ሕዝብ የሌለበት ሰዓትና ቦታ ማግኘት ነበር። ሉቃስ በግልጥ ሕዝብ በሌለበት እንዲሰጣቸው ምቹ ጊዜ ይፈልግ ነበር ይላል። ስለዚህ ሌሊት ሆነ፤ በችቦና በፋና።

አንድ ነገር ላርም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁና። «እሑድ ሆሣዕና ያለው ሕዝብ ዓርብ ስቀለው አለ» ይባላል። ለስብከት ያመቻል። ወንጌሉ ግን ሁለቱ አንድ ሕዝብ ናቸው አይልም። እሑድ ልብሱን ያነጠፈው ብዙው ለበዓል ከእርሱ ጋር የወጣ መንገደኛ ነው። ዓርብ በማለዳ በጲላጦስ ደጅ የቆሙትን ደግሞ የካህናት አለቆች አነሣሥተዋቸዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሉቃስ ግን ወደ ቀራንዮ ሲሄድ እያለቀሱ የተከተሉት ብዙ ሕዝብና ሴቶች እንደነበሩም ጽፏል።

በመስቀሉ ጊዜ ማርቆስ ከሩቅ የቆሙ ሴቶችን ይቆጥራል። መግደላዊት ማርያምን፣ የያዕቆብና የዮሳ እናት ማርያምን፣ ሰሎሜን። በገሊላ ሳለ ይከተሉትና ያገለግሉት ነበር ይላል። ሌሎችም ከእርሱ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም የወጡ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ስማቸውን አልጻፈውም።